የግንበኛዋ ቤት

ወንዙ ሰፈሩን ጥሶ የገባ ቀን ልብስ ሰፊው ከቤቱ ይዞ የወጣው እናቱን ብቻ ነበር። አዝሏቸው ወጣ። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ወደ ትከሻው ከፍ አደረጋቸው፤ እሳቸውም እዚያው ሆነው «ቀስ በል! ወደ ግራ! ወደ ግራ እያልኩህ!» እያሉ መንገድ ይመሩት ነበር። የስፌት መኪናው፣ ተሰፍቶ ባለቤቱን የሚጠብቀው ልብስ፣ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሁሉም እዚያው ቀረ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ» አሉ እናቱ በማግስቱ፣ ከኮረብታው ላይ ቆመው ጭቃ የለበሰውን ሰፈራቸውን ቁልቁል እያዩ። «እኛን እንኳ ምንም አላሳቀንም።»

እናትና ልጅ ኮረብታው ላይ ወደሚኖሩት የእናትየው ታላቅ ወንድም ዘንድ ተጠጉ። አጎትየው ክፉ ሰው አልነበሩም። በራቸውን ከፍተው፣ ብርድ ልብስ አውጥተው፣ የጓሮውን ክፍል ለቀውላቸዋል። ችግራቸው የሰጡትን አለመርሳታቸው ነው። ቁርስ ሲቀርብ አንዴ፣ እራት ሲነሳ አንዴ፣ «እኔ ባልኖር ኖሮ የት ትወድቁ ነበር?» ይላሉ። እናትየው ሻያቸውን ፉት ብለው ዝም ይላሉ። ልጁም ዝም ማለትን ለመደ።

ዝናቡ ሲያባራ ሰዉ አካፋውን እየያዘ ወደ ሰፈሩ መመለስ ጀመረ። የልብስ ሰፊው ቤት የፊት ክፍሉ ቆሟል። የጓሮው ግድግዳ ግን ከነመስኮቱ ሄዷል፤ የጎኑም ሆዱ ተነፍቶ ሊወድቅ አዘንብሏል። አጎትየው ግንበኛ ላኩ። እናትየው አባረሩት፤ ሥራ ላይ ያፏጫል ብለው። ሌላ ተላከ። እሱንም አባረሩት፤ በዓይኑ ነው የሚለካው ብለው። ከዚያ በኋላ የመጣው ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም። «ማዘር» ብሎ ጠራቸው።

«እማዬ፣ በከተማው ግንበኛ አለቀ እኮ» አለ ልጁ።

«እኔ የምፈልገው ግንበኛ ነው። ድንጋይ ደራቢማ ሞልቷል።»

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የስፌት መኪናውን ሲፈልግ፣ ከጓሮ በኩል የሚገባውን ብርሃን አንድ ነገር ጋረደበት። ቀና አለ። ግድግዳው በነበረበት ቦታ ላይ አንዲት ረዥም ሴት ቆማለች። ሰማያዊ የሥራ ጃኬት ለብሳለች፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍራለች፤ መሣሪያ የያዘ ጆንያ ትከሻዋ ላይ አንግታለች።

«በር ፈልጌ ነበር» አለች። «ሳጣ በግድግዳው ገባሁ።»

«በሩማ አለ፤ በፊት ለፊት።»

«አየሁት። ጭቃው ከውስጥ ቀርቅሮታል። አንተ በየት ገባህ?»

አሰበ። እሱም በግድግዳው ነበር የገባው። ሳቀ። ከጎርፉ ወዲህ ስቆ አያውቅም ነበርና ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

የሰፈሩ ሰው ቱንቢ ይላታል። ቱንቢ ግንበኞች ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል ብረት ነው። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚሠሩ ወንዶች ናቸው። ገሚሱ ስትቆም ቀጥ ስለምትል ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ፣ ስንቱ ሞክሮ ወደ ማንም አላዘነብል ስላለች ነው ይላል።

እናትየው ከውጭ መጡና ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ግንበኛዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ። ግንበኛ ትፈልጋላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ሴት ነሽ እኮ።»

«ድንጋዩ እስካሁን አላወቀብኝም።»

እናትየው ከንፈራቸውን ገጠም አደረጉ፤ ሳቅ ሲመጣባቸው እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። «ቤትሽ ወዴት ነው?»

«ከወንዙ ላይኛው መታጠፊያ ጋ ነበር።»

ውሃው አስቀድሞ የመታው ላይኛውን መታጠፊያ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁንስ፣ ልጄ?»

«ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነኝ፤ ቤታቸው ከሄደባቸው ሌሎች ሰዎች ጋር። ይሄ ያዘነበለው ግድግዳ ግን ዛሬውኑ መፍረስ አለበት፣ እማማ። ሰው ላይ ሳይመጣ።»

«አፍርሺው» አሉ እናትየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በርጩማቸውን አምጥተው ከሥራው አጠገብ ተቀመጡ፤ ማባረሩም ቀረ።

ድንጋይ የሚያቀብል ሰው ስላልነበረ ልብስ ሰፊው ራሱ አቀባይ ሆነ። መርፌ የለመደ እጅ ነውና ወዲያው ጣቶቹ ተላላጡ። ድንጋዩን እንደ ሐር ጨርቅ በጣቶቹ ጫፍ ሲያነሳ ቱንቢ የሲሚንቶ ማንካዋን አስቀምጣ ትመለከተዋለች።

«አይቀደድም እኮ» ትለዋለች።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ወደ ደረትህ አስጠጋው። ካራቅከው ወገብህን ይበላሃል።»

አስጠጋው። ቀስ በቀስ ድንጋዩን ለመደ። እሷ ምን ዓይነት ድንጋይ እንደምትፈልግ ከዓይኗ ማወቅም ጀመረ። ለማዕዘን ሲሆን ዓይኗ ይጠባል፤ ለመሙያ ሲሆን ደግሞ ሳታይ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ትዘረጋለች። አንዳንዴ እጇን ስትዘረጋ ድንጋዩን ከመስጠቱ በፊት መዳፏን ለአፍታ ያየዋል። አንዳንዴም እሷ እጇን ከሚያስፈልገው በላይ ታቆየዋለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጃኬቷን መስኮቱ ላይ ሰቅላ እጇን ልትታጠብ ሄደች። ጃኬቱ ትከሻው ላይ ተተርትሯል። ልብስ ሰፊ ደግሞ የተተረተረ ልብስ እያየ ዳቦ አይወርድለትም። ከኮሌታው ሥር መርፌ አወጣ። ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ ደረሰችበት።

«ማን ስፋልኝ አለህ?»

«ማንም። ጃኬቱ ራሱ ጮኸ።»

ለበሰችው። ክንዷን ወደ ላይ አነሳች፤ አወረደች፤ ደግማ አነሳች። «በፊት እዚህ ጋ ይይዘኝ ነበር።»

«እጅጌው ሲገጠም ተጣሞ ነው። ትንሽ ለቀቅ አደረግኩት።»

«ሳትለካኝ?»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ወደ ዳቦው መለሰ። «ስትሠሪ አይሽ የለ» አለ ቀስ ብሎ።

እናትየው በርጩማቸው ላይ ዞረው ወንዙን ትኩር ብለው መመልከት ጀመሩ። እንዲያ ተተኩሮ የሚታይ ነገር ወንዙ ላይ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የስፌት መኪናው ተገኘ። ያገኘችው ቱንቢ ናት፤ ለጓሮው መሠረት ስትቆፍር ዶማዋ ብረት ነካ። ሦስቱም እጃቸውን ሰድደው ከደለሉ ውስጥ አወጡት። ልብስ ሰፊው ፈታትቶ በነጭ ጋዝ አጠበው፤ ዘይት አጠጣው፤ መዘውሩን ሲያዞረው መጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ እያቃሰተ ዞረ። ቱንቢ፣ ያቺ ኮስታራ ግንበኛ፣ አፉን የፈታ ሕፃን እንደሰማች ሁሉ አጨበጨበች።

ሥራው ግን ፍጥነቱን እየቀነሰ መጣ። ጠዋት ላይ ወሬ ይይዛቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥሩ የተቀመጠ ድንጋይ ይወርድና እንደገና ይቀመጣል። እናትየው አንድ ቀን ሊቀልዱ ፈለጉ።

«ልጆች፣ ይሄ ግድግዳ አላልቅ ያለው እኔ ላይ ሊደረመስ ነው እንዴ?»

የቱንቢ እጅ አየር ላይ ቆመ። የተለወሰው ሲሚንቶ ከማንካዋ ላይ ተንሸራቶ እግሯ ሥር ጠብ አለ። ፊቷ ተዘጋ።

«አይደረመስም፣ እማማ» አለች ቆይታ።

ከዚያ በኋላ እስክትሄድ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ልብስ ሰፊው እስከ ትምህርት ቤቱ መንገድ ድረስ ሸኛት።

«አስቀየምንሽ እንዴ?»

«እናትህ ምንም አላሉም።»

«እንግዲያ ምንድን ነው?»

«አንድ ቀን እነግርሃለሁ። ዛሬ አይሆንም።»

አልጨቀጨቃትም። መንገዱ ሲገነጠል እጇን ሰጠችው። ሻካራው እጇ የተላላጠውን እጁን ያዘ፤ አንዳቸውም ቶሎ አለቀቁም። ያን ቀን ልብስ ሰፊው ኮረብታውን ሲወጣ ዳገት መሆኑን ረሳው።

ግድግዳው ከመስኮት በላይ ሲደርስ አጎትየው ሊያዩት መጡ። እናትየው ጤና ጣቢያ ሄደው አልነበሩም። አጎትየው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳውን ዞሩት፤ ከዚያ ቱንቢን ትክ ብለው አዩዋት።

«አንቺ የዚያ የላይኛው መታጠፊያ ግንበኛ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ይሄን ለእህቴ ሳትነግሯት ነው እንዴ የምትሠሩት?» ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። «የዚህች ልጅ አባት የሞተው ውሃ ወስዶት አይደለም። ግድግዳ ወድቆበት ነው። የገዛ ግድግዳቸው! አባትና ልጅ አብረው የገነቡት! የራሷን አባት ቤት ያላቆመ እጅ የእህቴን ቤት ሊያቆም ነው? እዚህ ሥር እህቴን አላስተኛትም። ዛሬውኑ ይቁም።»

ቱንቢ ለአጎትየው አልመለሰችም። ያየችው ልብስ ሰፊውን ነው። ረዘም አድርጋ አየችው፤ እንደሚጠብቅ ሰው።

ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ። የጓሮዋ ክፍል፣ ብርድ ልብሱ፣ የቁርሱና የእራቱ ወቀሳ፣ የእናቱ ማረፊያ ማጣት አንድ ላይ መጡበት። መልሶ ዘጋው። መሬት መሬቱን አየ።

ቱንቢ ማንካዋን አጠበች። ክሯን ጠቀለለች። ጆንያዋን አነሳችና በመጣችበት በኩል ወጣች። አሁን ግን በዚያ በኩል የበር ክፍተት ተትቶ ነበር።

እናትየው ሲመለሱ ባዶውን ግድግዳ አዩና «ግንበኛዬስ?» አሉ። ልጃቸው ሁሉንም ነገራቸው። አንድም ቃል አልደበቀም።

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ምንም!» በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። «ያን ቀን አዝለህ ስታወጣኝ፣ ውሃው ደረትህ ደርሶ ሳትጥለኝ ስትቀር፣ ልጅ ወልጃለሁ ብዬ ኮርቼ ነበር። ዛሬ አንድ ቃል ከበደህ?»

«ያለ እሳቸው የት እንገባለን፣ እማዬ?»

«እዚህ!» አሉና መሬቱን በእግራቸው መቱ። «ቤቴ እያለ የት ልገባ ኖሯል?»

በነጋታው ጠዋት ጨርቃቸውን ጠቅልለው ከወንድማቸው ቤት ወጡ። ጣራ ለሌለው ክፍል ሸራ አስወጠሩ፤ አልጋቸውንም አዲሱ ግድግዳ ሥር አስጠግተው አስዘረጉት። ወንድማቸው እየተከተሉ «አብደሻል!» ቢሏቸው፣ «ከወደቀ እኔ ላይ ይውደቅ። አንተ ራቅ ብለህ ቁም» አሏቸው።

ልብስ ሰፊው ትምህርት ቤቱ ሄደ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ቤት ያጡ ሰዎች የሚኖሩበት ቦታ ወሬም ምሣርም አያጣም፤ ሁሉም ምን እንደተባለ ሰምቷል። ቱንቢ ከምታድርበት ክፍል በር ላይ አንዲት የልጆች እናት ቆመው ልብስ ያሰጣሉ።

«አልወጣም ብላለች» አሉት።

«እባክዎ፣ ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት በሏት።»

ገቡና ተመለሱ። ፊታቸው አዘነለት። «የሚናገር ሰው ትናንት ነበር የሚናገረው፣ ነው የምትለው።»

ልክ ናት።

ወደ ቤቱ ግን አልተመለሰም። አካፋውን ይዞ ወደ ላይኛው መታጠፊያ ወጣ። የቱንቢ ቤት የነበረበትን ቦታ አንድ ሰው አሳየው፤ ጉብታ ጭቃ ነው። ከጭቃው ውስጥ የበር መቃን አንገቱን ብቅ አድርጓል። አባቷን አውጥተው ከቀበሩ በኋላ ማንም አልነካውም፤ እሷም ደግማ እዚያ አልደረሰችም። ልብስ ሰፊው ጃኬቱን አውልቆ መቆፈር ጀመረ። ያን ቀን ቆፈረ፤ በማግስቱም፣ ከዚያ ወዲያም። ሲመሽ ወደ እናቱ ይመለሳል፤ እናቱ እጁን እያዩ ምንም አይሉትም፤ የሞቀ ውሃ ብቻ ያቀርቡለታል።

ወሬው ቱንቢ ጋ ሲደርስ እየሮጠች መጣች።

«ማን ፈቀደልህ?» አለችው። «ማን ንካው አለህ?»

አካፋውን ተክሎ ቆመ። «ማንም።»

«እንግዲያ ምን ትሠራለህ?»

«አጎቴ ፊት አፌ ተሳሰረ። ፈሪ ሆንኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ይቅርታ ልልሽ መጥቼ ነበር። ስትከለክይኝ ደግሞ አሰብኩ፤ ይቅርታ በባዶ እጅ አይሆንም። ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ።»

ሂድ አላለችውም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጭቃውን ሳይሆን ወንዙን እያየች ማውራት ጀመረች።

«ይሄን ቤት ከአባቴ ጋር ነው የሠራነው። ሥራ የለመድኩበት ነው። ሦስቱን ግድግዳ እሱ ሠራ፤ በወንዙ በኩል ያለውን ‹ይሄ የአንቺ ይሁን› ብሎ ተወልኝ። አንድ ድንጋይ አልነካልኝም። ቆሞ እያየ ብቻ ‹እህ› ይላል፤ ሥራው ደስ ሲለው ‹እህ› ነው የሚለው።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። «የወደቀበት የእኔ ግድግዳ ነው። አጎትህ ያሉት ነገር ያናደደኝ ውሸት ሆኖ መሰለህ? እኔም ለራሴ የምለው እሱኑ ስለሆነ ነው። የሰው ቤት ስሠራ አልፈራም። ደግሜ አያለሁ፤ ሦስቴ እለካለሁ። የዚህን ግን ሲሚንቶው ቀጥኖ እንደሆነ፣ ድንጋዩ ሳይያያዝ ቀርቶ እንደሆነ… ማየት አቃተኝ።»

ልብስ ሰፊው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «እንየው» አላት።

«መጥፎ ሆኖ ቢገኝስ?»

«ብቻሽን አታይውም።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሳችና የተተከለውን አካፋ ነቀለች።

እሷ ትቆፍራለች፣ እሱ ጭቃውን በጋሪ ያወጣል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አካፋው እንጨት ነካ። ቤት ውስጥ የሚገኝ ዓይነት እንጨት አልነበረም። በእጃቸው ጠረጉት። አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ትልቅ ግንድ ነው፤ ሥሩ እንዳለ አለ፤ ሥሩ መሐል የሌላ አገር አፈርና ድንጋይ ተጨብጧል። ውሃው ከላይ ከጫካው ነቅሎ፣ እንደ ቀስት ወርውሮ ነው ያመጣው። ከግንዱ በታች ደግሞ ግድግዳው ተኝቷል።

ተኝቷል፤ አልተበተነም። ቆሞ እንደነበረው ሁሉ፣ ድንጋዩ ድንጋዩን እንደያዘ፣ ከመሠረቱ ተገንድሶ በደረቱ ተኝቷል።

ቱንቢ ተንበረከከች። በመዳፏ ጠረገችው። መዶሻዋን አውጥታ ማያያዣውን መታችው፤ ጠንካራ ድምፅ ሰጠ። የመሮዋን ጫፍ በሁለት ድንጋዮች መሐል ከታ ለመንቀል ታገለች። አልነቀል አለ። ሌላ ቦታ ሞከረች። ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

«አለቀቀም» አለች በሹክሹክታ። «አየኸው? አለቀቀም።»

ከዚያ ግንባሯን ድንጋዩ ላይ ደፍታ አለቀሰች። አባቷ ከተቀበሩ ጀምሮ ያላለቀሰችው ሁሉ ወጣ። ልብስ ሰፊው አጠገቧ ተንበርክኮ እጁን ጀርባዋ ላይ ብቻ አኖረ። እሷም ዝምታውን አልጠላችበትም።

ፊቷን በእጅጌዋ ከጠረገች በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል «እናትህ የት ነው ያሉት?» የሚል ነበር።

«ግድግዳሽ ሥር ተኝተዋል። ከወደቀ እኔ ላይ ይውደቅ ብለው።»

«ጣራ ሳይኖረው? በዚህ ብርድ?» ዘልላ ተነሳች። «ምን ዓይነት ሰው ነህ? ተነስ!»

እናትየው ሲያዩዋት ከአልጋቸው አልተነሱም። «ዘገየሽ» አሉ። «እኔ ደግሞ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሸራ ሥር አያስተኙኝም።» ቱንቢ ጎንበስ ብላ ስትስማቸው ግን አንገቷን አቅፈው አልለቅ አሉ።

ግድግዳው በቀጠለ በጥቂት ቀን አጎትየው ብቅ አሉ። ልብስ ሰፊው የያዘውን ድንጋይ አስቀምጦ መንገዳቸው ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ በችግራችን ቀን አስጠግተውናል። እስክንሞት አንረሳውም። እሷን ግን አስቀይመዋታል። የወደቀውን ግድግዳ ሄደን አይተነዋል፤ ግንድ ነው የመታው። እዚያው ተኝቶልዎታል፤ ሄደው ይዩት። ከዚያ ይምጡና ይቅርታ ይጠይቋት። ያን ቀን እንዲህ ማለት ነበረብኝ፤ ስለዘገየሁ እኔም ጠይቄያታለሁ።»

አጎትየው ፊታቸው ቀላ። «ጠግበሃል ማለት ነው» ብለው ተመለሱ። እናትየው ከኋላ ሆነው ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ልጃቸውን አላዩትም፤ ግን ያን ቀን ዳቦውን የቆረሱለት ከሁሉ አተልቀው ነው።

ከሰሞኑ ባንዱ ቀን አጎትየው በር ተሸክመው መጡ። የራሳቸው የጓሮ ክፍል በር ነው፤ ነቅለውት። ላብ በላብ ሆነዋል።

«ወንዙ ጋ ወርጄ ነበር» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ። «ያን የሚያህል ግንድ ቤተ መንግሥትም ይጥላል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አፌ… አፌ ቀድሞኝ ነው። በር አምጥቻለሁ።»

ቱንቢ ከመሰላሉ ላይ ሆና አየቻቸው። መቅጣት ብትፈልግ ጊዜው ነበር። «እሰየው፣ ጋሼ» አለች። «እስክገጥመው ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ።»

አጎትየው እስክትገጥመው ቀጥ አድርገው ያዙላት። በሩን ስትሞክረው ያለ ድምፅ ተዘጋ፤ ያለ ድምፅ ተከፈተ፤ እሳቸውም ራሳቸው የሠሩት ይመስል ሁለት ሦስቴ ወጥተው ገቡበት።

የእናትየው ቤት ጣራውን ለብሶ ሲያበቃ ሁሉም ወደ ላይኛው መታጠፊያ ወጡ። ቱንቢ አሮጌውን መሠረት ተወችው። ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ መሬቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ችካል ተከለች፤ ክር ወጠረች። ከተኛው ግድግዳ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በመሮ እየፈለቀቀች አወጣች። እያንዳንዱ እልህ አስጨርሶ ነበር የሚለቀው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። ልብስ ሰፊው የክሩን ጫፍ ይዞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲከተላት ቆይቶ ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

«ይሄን ቤት… ለስንት ሰው ነው የምትሠሪው?»

ቀና አላለችም። ክሩን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ክሩ ተርገበገበ፤ ረገበ። ወንዙ ከታች ይሰማል። ልብስ ሰፊው ጥያቄውን ከአየር ላይ መልሶ ሊውጠው ፈለገ።

«የስፌት መኪናህ» አለች በመጨረሻ፣ አሁንም ቀና ሳትል፣ «ምን ያህል ቦታ ይፈጃል?»

የክሩን ጫፍ ከእጁ ለቀቀው።

«ያዘው እንጂ!» አለችና ቀና አለች። ዓይኗ ውስጥ እንባም ሳቅም ነበር። «ገና ምን ጀመርንና ነው የምትለቀው?»

ያዘው። ክሩንም፣ እጇንም።

ነገሩ ለእናትየው ሲነገር «አሁን ነው የምትነግሩኝ?» ብለው ሳቁባቸው። ሲስቁ ቆዩና ግን ፊታቸው ደመነ። ልጃቸው ወደ ላይኛው መታጠፊያ ሊሄድ ነው፤ እሳቸው አዲሱ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። በማግስቱ ቱንቢ መጥታ እጃቸውን ይዛ ወደ ሥራው ወሰደቻቸው፤ ፀሐይ የሚገባበትን ማዕዘን አሳየቻቸው።

«መስኮቱን በየት በኩል ላድርግልዎት፣ እማዬ?»

ከዚያ በፊት እማማ እንጂ እማዬ ብላቸው አታውቅም። እናትየው እጇን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «በመንገዱ በኩል» አሉ በኋላ። «የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ማየት አለብኝ።»

እናትየው ወደ አዲሱ ቤት ሲገቡ የራሳቸውን ቤት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ልብስ ሲያሰጡ ለነበሩት ለልጆች እናት ሰጡ፤ የሴትዮዋ ቤት እስኪቆም ድረስ እንዲኖሩበት። ቁልፉን ሲያስረክቡ «በሩን ቀስ አድርገው ይዝጉት፤ የወንድሜ በር ነው፤ ቶሎ ይቀየማል» አሏቸው።

ሠርጉ ከዚያ ቀድሞ፣ የአዲሱ ቤት ጣራ ሳይለብስ ሆነ። ልብስ ሰፊው የሙሽራዋን ልብስ በዚያው ከደለል በወጣ መኪና ሰፋው፤ አሁንም አልለካትም። ትከሻዋ ላይ ልክ ሆኖ ተቀመጠ። ሰፈሩ ሁሉ በወጣው ወንበርና በተገኘው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አጎትየው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ያደረጉትን ውለታ ግን አንዴም ሳያነሱ ጨረሱት።

የሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ከባድ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞላና ግንድና ቅጠል እያገላበጠ አሮጌው መሠረት ድረስ ወጣ። ባልና ሚስት በራቸው ላይ ቆመው አዩት። ቱንቢ የባሏን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። ውሃው መሠረቱን ዞረው፣ ላሰው፣ ቆመ። ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ኋላው ተመለሰ። ክንዱን ለቀቅ አደረገችለትና ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣለች።

«እናንተ ልጆች!» አሉ እናትየው ከውስጥ። «ወጨፎው ቤቱን አረሰረሰው እኮ! ግቡና በሩን ዝጉት። ሰው ቤት የሚሠራው ደጅ ቆሞ ሊያየው ነው እንዴ?»

ገቡና ዘጉት።